የእትዬ ማንጠግቦሽ ቤት ይጥፋ?

እስቲ እናንተው ፍረዱኝ። መምህር ተማሪውን «ሰሌዳውን አጥፋ» ቢለው፣ ልጁ ብድግ ብሎ ሰሌዳውን በመጥረቢያ ይፈልጠዋል? አይፈልጠውም። ዳስተሩን አንሥቶ ጽሑፉን ጠርጎ ይቀመጣል። «መብራቱን አጥፉት» የተባለ ሰው አምፖሉን በድንጋይ ይሰብራል? አይሰብርም። ይህን ሁሉ ያለ አስተርጓሚ የሚግባባ ሕዝብ፣ እኔ «ይጥፋ» የምትል አንዲት ቃል ስለ ጻፍኩ ጣሪያዬን ከላዬ ላይ የሚያነሣበት ምን ምክንያት አለው?

ንዴቴ ገና አልበረደም። ግን እንደ ተናደድኩ ብጽፈው ነገሩ ስለሚደባለቅባችሁ ከመሠረቱ ላስረዳ።

የምኖረው ደብረ ታቦር ነው፤ እትዬ ማንጠግቦሽ ግቢ ውስጥ፣ በሩ ወደ ጉና ተራራ የሚያይ አንድ ክፍል ተከራይቼ። እዚያው ክፍሌ ውስጥ ስልክና ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ሥራውን ያስተማረኝ የለም፤ እያበላሸሁ ነው የተማርኩት። ብዙ አላወራም። ሰው ይህን ትሕትና ይለዋል። እውነቱ ግን፣ ሰው ሲያወራ ቃል ሲሳሳት ማረም ስለሚያምረኝና ማረም ደግሞ ስለሚያጣላ፣ አፌን ይዤ መቀመጡን መርጬ ነው።

ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በኢንተርኔት የምንጫወተው ጨዋታ አለ። ደሳለኝ ገሳይ ከተማ አስተማሪ ነው፤ ትዕግሥት አንበሳሜ ከተማ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። አንዱ ተረት ይፈጥራል፣ እሱም እኔ ነኝ፤ ሌሎቹ የተረቱ ጀግኖች ይሆናሉ። ጀግናው «ዋሻው ውስጥ ልግባ» ሲል ዕጣ ይጣላል። ዕጣው ከቀናው ይገባል፤ ካልቀናው ጅብ ይበላዋል። አንድ ከተማ ብንሆን ጠረጴዛ ከበን እንጫወተው ነበር። በየፊናችን ስለሆንን ግን ጠረጴዛውን ኮምፒውተር ላይ የሚዘረጋ ፕሮግራም አገኘሁ። መሃሉ ላይ ካርታ ይነጠፋል፤ በጎኑ ካርታው ላይ ምልክት የሚደረግባቸው መሣሪያዎች ተደርድረዋል። አንዱ መሣሪያ የፈለጋችሁት ቦታ ላይ ምልክት ይተክላል፣ አንዱ ርቀት ይለካል፣ አንዱ ጀግኖቹ ያልደረሱበትን አገር በጉም ይሸፍናል። ደብረ ታቦር ለሚኖር ሰው ያቺ የጉም መሣሪያ ትርፍ ናት፤ ግን አለች።

ፕሮግራሙ በእንግሊዝኛ ነበር። ቃላቱን በራስ ቋንቋ መተካት እንደሚቻል ሳውቅ ቁጭ ብዬ ተረጎምኩት። በጥንቃቄ ነው የተረጎምኩት። መትከያውን «ችካል» አልኩት። መሬት ላይ የሚተከል ምልክት በአማርኛ ችካል ካልተባለ ምን ሊባል ነው? መለኪያውን «ሜትር» አልኩት። ምልክት ማንሣት ስትፈልጉ ደግሞ ፕሮግራሙ የምልክቱን ስም ይጠራና «እገሌ ይጥፋ?» ብሎ ይጠይቃችኋል፤ ከሥሩ «አዎ» እና «አይ» የሚሉ ሁለት መጫኛዎች አሉ። ንጹሕ አማርኛ። ስሕተት የሚያገኝበት ካለ እስከ ዛሬ እየጠበቅሁት ነው።

ካርታውንም የሣልኩት እኔ ነኝ። ተረት ነው ተብሎ ወንዝ ሽቅብ የሚፈስበት፣ ቤት በር የሌለው አገር መሣል እኔ አይሆንልኝም። ስለዚህ የማውቀውን ሣልኩ፤ ሰፈራችንን። ከላይ ባሕር ዛፉ ሥር ቆሜ፣ የእያንዳንዱ ቤት በር ወዴት እንደሚያይ፣ የጎረቤታችን የመምሬ ፈንታ አጥር የት ጋ እንደ ጎበጠ ሳይቀር። ካርታ ላይ ስም የሌለው ቤት ማየት ደግሞ ያመኛል። በየቤቱ ላይ የባለቤቱን ስም ጻፍኩ። እትዬ ማንጠግቦሽ ቤት ሥር የድሮ የእህል ጉድጓድ ስላለ፣ የተረቱን ዘንዶ እዚያ አስተኛሁት። ደሳለኝ ዘንዶው ያለበትን ሲደርስበት ፈነጠዘና ቤቱ ላይ ትልቅ ቀይ ኤክስ ተከለ። «ቀጣዩ ዘመቻ እዚህ ነው» ማለቱ ነው። ፕሮግራሙም ምልክቱን ከሥሩ ባገኘው ስም ሰየመው፤ «የእትዬ ማንጠግቦሽ ቤት»።

ሊፈርስ የተወሰነበት ቤት ግድግዳው ላይ ቀይ ኤክስ እንደሚቀባ አገር ያውቃል። ደሳለኝም ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ሁለታችንም ግን የምናስበው ስለ ዘንዶው ነበር።

አሁን ወደ እትዬ ማንጠግቦሽ እንምጣ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ቁጥብ ሴት ናቸው። አንድ ቀን ልብስ ሲያሰጡ በመስኮት አዩኝና፣

«አንተ ልጅ፣ ቀኑን ሙሉ እዚያ ላይ አፍጥጠህ ምንድን ነው የምትሠራው?» አሉኝ።

«ካርታ ነው እትዬ።»

እዚህ ላይ ልብ በሉ። በአማርኛ ካርታ ሦስት ነው። የአገር ሥዕል ነው፤ ቁማርተኛ የሚጫወትበት ነው፤ የቤት ባለቤትነት ማረጋገጫ ነው። እኔ የመጀመሪያውን አልኩ። እሳቸው ሦስተኛውን ሰሙ። ለቤታቸው ካርታ ለማውጣት ደጅ ሲጠኑ ጫማ የጨረሱ ሴት ናቸው። ለካስ ካርታ ሠሪው እጓሯቸው ተከራይቶ ኖሯል! «ተመስገን» አሉና ልብሳቸውን እንኳ ሳይጨርሱ ገቡ። ለምን እንዳመሰገኑ አልገባኝም። አለመጠየቄን ስታስቡት አትፍረዱብኝ፤ ምስጋና ለምን ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም።

ብዙም ሳይቆይ ድምፁ የጠፋ ስልካቸውን ይዘው መጡ። ድምፅ ማውጫውን ልቀይርላቸው ዕቃ ፍለጋ ወጣሁ። ስመለስ ላፕቶፑ ፊት ቀጥ ብለው ቆመዋል። ስክሪኑ ላይ ሰፈራችን፣ ሰፈራችን ላይ የሳቸው ቤት፣ ቤታቸው ላይ ያ ቀይ ኤክስ።

«እትዬ፣ ይቀመጡ እንጂ» አልኩ።

አላዩኝም። ስልካቸውን ትተው ወጡ።

በማግሥቱ ጠዋት ውሃው ጋ ተገናኘን።

«ደህና አደሩ?» አሉኝ።

ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን እንዳለ አየሁ። ማንም የለም። «አንተ ልጅ» ከማለት በቀር ሌላ ስም ሰጥተውኝ የማያውቁት እትዬ ማንጠግቦሽ አንቱ አሉኝ!

«እትዬ፣ ምነው? አስቀየምኩዎ እንዴ?»

«ኧረ ምን በወጣዎ! ሥራዎ ነው። የታዘዘ ሰው ምን ያድርግ?»

ባልዲያቸውን አነሡና ሄዱ። እኔ ውሃው ሞልቶ እስኪፈስ እዚያው ቀረሁ። በእናት ዕድሜ ያለች ሴት አንቱ ስትላችሁ ሰውነታችሁ ላይ የሆነ ነገር ያስፈልጋችኋል፤ ወይ ሽበት፣ ወይ ጥምጥም፣ ወይ ቢያንስ ኮት። እኔ ሹራብ ነበር የለበስኩት።

ከሰዓት በኋላ ወንድማቸው ጋሼ አያልነህ ክፍሌ ደጃፍ ላይ ብቅ አሉ። አናጢ ናቸው፤ ሰላምታ አያበዙም።

«ሥራው እንዴት ነው?»

ስልክ ጥገናውን መስሎኝ «ደህና ነው ጋሼ» አልኩ።

«ብዙ ይቀርሃል?»

«አይ፣ ጨርሻለሁ ማለት ይቻላል።»

ፊታቸው አመድ መሰለ። «እና ቶሎ ነው በለኛ።»

«በኔ በኩል ዛሬም ዝግጁ ነው። ባለቤቶቹ መጥተው የየራሳቸውን እስኪያነሡ ነው የምጠብቀው።»

«የየራሳቸውን ማንሣት ይፈቀድላቸዋል?»

«እንዴታ! ንብረታቸው አይደል? ያላነሡት በኋላ ቢጠፋ ግን እኔን መጠየቅ የለም።»

ስለ ስልክ ነው ያወራሁት! ጠረጴዛዬ ላይ ሰው የረሳው ስልክ ተከምሮ እያዩ ነው የጠየቁኝ። ከዚህ የበለጠ የተጣራ፣ ከዚህ የበለጠ ሐቀኛ መልስ ካለ አምጡልኝ። ጋሼ አያልነህ ግን ራሳቸውን ነቀነቁና «እግዜር ይስጥህ፣ ቢያንስ ነገርከን» ብለው ሄዱ። እንዴት ያሉ ጨዋ ሰው ናቸው ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ።

በነጋታው ጠዋት ገና ከአልጋዬ ሳልወርድ ጣሪያው ላይ ሲንቋቋ ሰማሁ። ድመት መሰለኝ። ቀጥሎ ሚስማር ሲነቀል የሚያሰማውን ሲቃ ሰማሁ፤ ድመት ጉጠት አይዝም። አንድ ቆርቆሮ ሲጥጥ ብሎ ተነሣና ሰማይ ታየኝ፤ በሰማዩ መሃል የጋሼ አያልነህ ራስ።

«ጋሼ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ቆርቆሮውን እያተረፍን ነዋ። አንተ አይደለህ ንብረታችሁን አንሡ ያልከን?»

«ሰው ተኝቶበት?»

«ዶዘር ሲመጣ የተኛ ሰው መቼ ይቀሰቅሳል?»

ብርድ ልብሱን እንደ ተጠቀለልኩ ወጣሁ። ከዋናው ቤት ላይ አንድ ጎን ሙሉ ቆርቆሮ ተነሥቶ አጥሩ ላይ ተደግፏል፤ ወራጁ እንደ ጎድን አጥንት ተገትሯል። እትዬ ማንጠግቦሽ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው፣ የተነቀለውን ሚስማር በድንጋይ ላይ በመዶሻ እያቀኑ ጣሳ ውስጥ ይጥላሉ። አላለቀሱም። ቢያለቅሱ ይሻለኝ ነበር።

«ይህን ቤት ከባለቤቴ ጋር ጭቃ ረግጠን ነው ያቆምነው» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ። «አይፍረስ አልልም፤ የመጣ ነገር ነው። ግን አንድ ግቢ ስንኖር፣ ‹እትዬ፣ ዕቃዎን ያሰናዱ› ቢሉኝ ምን ነበረበት?»

ያን ጊዜ ነው ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ የበራልኝ፤ ተመስገኑ፣ አንቱታው፣ የጋሼ አያልነህ አመድ ፊት። ሰኔ ነው፤ በጉና በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ቤቱ ውስጥ አልጋ አለ፣ የጤፍ ጆንያ አለ፣ የአንዲት ሴት ዕድሜ አለ። ቆርቆሮው አጥር ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ቆርቆሮውን ይመልሱ! ጨዋታ ነው! ቤቱ አይፈርስም!»

«ኤክሱ ሳይነሣ አንዲት ሚስማር አልመታም» አሉ ጋሼ አያልነህ ከላይ።

ላፕቶፑን አውጥቼ የተደፋ በርሜል ላይ አስቀመጥኩት። ጎረቤት ተሰበሰበ። መምሬ ፈንታም ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጃንጥላቸውን እንደ ዘረጉ ገቡ።

«ስሙኝ» አልኩ። በሕይወቴ ለዚህን ያህል ሰው ተናግሬ አላውቅም። «ይህ ተረት ነው። ጀግኖች አሉ። ከእትዬ ቤት ሥር ዘንዶ ተኝቷል፤ እና…»

«ከቤቴ ሥር ዘንዶ አለ?» ብለው እትዬ ማንጠግቦሽ ብድግ አሉ። ጣሳው ተገለበጠ። መምሬ ፈንታ አማተቡ።

«በተረቱ ነው! ቆይ መሣሪያዎቹን ላሳያችሁ።»

ጋሼ አያልነህ ከመሰላሉ ወርደው አንገታቸውን አሰገጉና አነበቡ። «ች…ካል።» ወደ እኔ ዞሩ። «ይሄ ነው ጨዋታው? ችካል የሚተከልበት?»

«ሌላውን እዩ፤ ይኸኛው ምንም አያደርግም፣ ርቀት ብቻ ነው የሚለካው» ብዬ ሜትሩን ጎተትኩት። ከእትዬ ማንጠግቦሽ ደጃፍ ተነሥቶ፣ የመምሬ ፈንታን ማድቤት ለሁለት ሰንጥቆ፣ ቁልቁል እስከ ወንዙ የሚወርድ ቀጥ ያለ መስመር ተሰመረ።

«መንገድ ሊያወጡብን ነው!» አለች አንዲት ሴት ከኋላ።

«ይኸ መስመር በማን በኩል ነው የሚያልፈው?» አሉ መምሬ ፈንታ ጃንጥላቸውን እያጠፉ። ልብ በሉ፤ በጽሑፍ ያው ቃል ነው፤ ጃንጥላቸውን አጠፉ፣ ጃንጥላው ግን አለ!

«አባ፣ መለካት ብቻ ነው።»

«ልጄ፣ ነገር ሁሉ የሚጀመር በመለካት ነው።»

በዚህ ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። «በቃ! ኤክሱን ዓይናችሁ እያየ አነሣዋለሁ» ብዬ ምልክቱን ነካሁና ማንሻውን ተጫንኩ። ፕሮግራሙ እንዳስተማርኩት፣ በንጹሕ አማርኛ፣ በትልልቅ ፊደል ጠየቀኝ።

እትዬ ማንጠግቦሽ ፊደል የቆጠሩት በስተርጅና ነው። ጣታቸውን እያስከተሉ አነበቡ። «የእትዬ… ማንጠግቦሽ… ቤት… ይ…ጥ…ፋ?»

«አዎ» ላይ ልጫን ስል እጄን ሁለት እጃቸው ቀጨም አደረገው። ሚስማር ሲያቀና የቆየ እጅ ነው።

«አይጥፋ! በማርያም! አይ የምትለዋን ይጫኑልኝ!»

«እትዬ፣ አይ ካልኩ ኤክሱ እንዳለ ይቀራል!»

«ይቅር! ቤቴም አብሮ ይቅርልኝ!»

«አዎ ስል ነው ቤትዎ የሚድነው!»

«ቤቴ ይጥፋ ሲባል አዎ ብለው ነው የሚያድኑኝ?»

ስለ ሰሌዳውና ስለ ዳስተሩ ላስረዳ ሞከርኩ፤ ማንም አልሰማኝም። አንዲት ወፍራም ጠብታ ስክሪኑ ላይ አረፈች።

«እሺ! ቃሉን እቀይረዋለሁ» አልኩ። ትርጉሙን ከፈትኩና «ይሰረዝ» ብዬ ጻፍኩ።

«ይዞታዋ ይሰረዝ?» አሉ ጋሼ አያልነህ።

«ይነሣ።»

«የልማት ተነሺ ልታደርጋት!» አለች ያቺው ሴት።

«ይውጣ።»

«ለጨረታ?»

«ይፋቅ» አልኩ ወደ መምሬ ፈንታ እያየሁ፤ ብራና ያውቃሉ፣ ይረዱኛል ብዬ።

«ብራና ላይ የሚፋቅ ስሕተት ነው» አሉ መምሬ። «ማንጠግቦሽ ስሕተት ናት?»

«ይወገድ!» ብዬ ጮኽኩ።

«ቆሻሻ ነኝ እንዴ?» አሉ እትዬ።

ቋንቋችንን ምን ነካው? እስቲ ንገሩኝ! አንድን ነገር ከቦታው ማንሣት የሚል ቃል በሙሉ ቢሮ ገብቶ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ ሰው እያስደነገጠ ወጥቷል። ለአንዲት ቀይ ምልክት የምትሆን አንዲት ንጹሕ ቃል አልተረፈችም። ጠብታው እየበዛ ነው፤ የጤፉ ጆንያ በተከፈተው ጣሪያ ሥር ይታየኛል፤ እኔ የመዝገበ ቃላት ፈተና ላይ ነኝ።

«ይማር በለው» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ በድንገት።

«ምን?»

«ይማር። ቤቴን ይማር።»

መስማማት ነበረብኝ። ግን ተፈጥሮዬ ነው፣ አላስችል አለኝ። «እትዬ፣ ሲጻፍ እኮ አይለይም። ላልቶ ሲነበብ እግዜር ቤቱን ይማርልን ነው፤ ጠብቆ ከተነበበ ግን ቤቱ ትምህርት ቤት ይግባ ማለት ይሆናል። አንባቢው…»

«አንተ ልጅ!» አሉ፤ አንቱታው እዚያው ላይ አከተመ። «መማር ያቃተህስ አንተ ነህ! ይማር ብዬሃለሁ፣ ይማር!»

አንተ ሲሉኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ አልነግራችሁም። ጻፍኩት። ፕሮግራሙ እንደገና ጠየቀ፤ «የእትዬ ማንጠግቦሽ ቤት ይማር?» ቀስቱን «አዎ» ላይ አደረግሁላቸው። ጣታቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ፤ ዙሪያቸውን አዩ፤ ተጫኑ።

ኤክሱ ጠፋ። ቤታቸው ከነስሙ ቀረ።

«ተማረ» አሉ መምሬ ፈንታ፣ ምሕረቱን ይሁን ትምህርቱን እግዜር ይወቀው። ጋሼ አያልነህ ሚስማር በአፋቸው ይዘው መሰላሉን ወጡ። እኔም ላፕቶፑን ልዘጋ ነበር።

«የኔስ?» አሉ መምሬ ፈንታ።

«የእርስዎ መስመር ብቻ ነበር አባ፤ እሱም ጠፍ… ተምሯል።»

«የኔስ ቤት?» አለች ሴትዮዋ። «እሷን ብቻ ምረህ?»

«የአንቺ እኮ ኤክስ የለበትም! ኤክስ የሌለበትን ፕሮግራሙ ሊምር አይችልም!»

«ታዲያ አድርግብኝና ማረኝ!»

ዝናብ እየመታኝ፣ መምሬ ፈንታ ጃንጥላ ይዘውልኝ፣ በሰፈሩ ቤቶች ሁሉ ላይ አንድ በአንድ ቀይ ኤክስ ተከልኩ፤ ባለቤቱ እየመጣ በገዛ ጣቱ ቤቱን እየማረ ሄደ። አንዱ ለከብቶቹ በረት ለብቻው አስምሯል። በመጨረሻ እትዬ ማንጠግቦሽ ዘንዶው ካልወጣ ቤት አልገባም ስላሉ፣ ዘንዶውንም አሰናበትኩት።

ማታ ደሳለኝ ደወለ። «ሰው! ዘንዶውን ምን አደረግከው? ጨዋታውን ልንጀምር ስንል ‹ዘንዶው ይማር?› የሚል ነገር የጨዋታው መዝገብ ላይ ተጽፎ አየሁ። አስተማሪ ነኝ ብለህ ልትቀልድብኝ ነው? ስንተኛ ክፍል ላስገባው?»

«ላልቶ ነው የሚነበበው» አልኩና ዘጋሁት። የተረቴ ግማሽ ያ ዘንዶ ነበር። የካሰኝ የለም፤ ይቅርታ የጠየቀኝም የለም። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ተምሮ ሲያበቃ ተረቴ ብቻ ፈረሰ።

እሱም ይሁን። ጋሼ አያልነህ ግን ቆርቆሮውን ሲመልሱ ሚስማሩን በአዲስ ቦታ መቱት፤ የድሮውን ቀዳዳ እንዳለ ተዉት። እትዬ ማንጠግቦሽ ቤት ላይ ቀዳዳውን በቅጥራን ደፈኑ። እኔ ክፍል ላይ ሲደርሱ ቅጥራኑ አለቀ። ዝናቡ በረታ፤ ጠብታው ትራሴ ላይ፣ አልጋዬን ወደ ፈቀቅኩበት ሁሉ እየተከተለ ይወርድብኝ ጀመር። ዋናውን ቤት አንኳኳሁ።

«እትዬ፣ ጣሪያዬ ያፈሳል።»

«አውቃለሁ።»

«እና ጋሼ አያልነህን አይጠሩልኝም? ቤቱ ተምሮ የለም እንዴ?»

እትዬ ማንጠግቦሽ ከላይ እስከ ታች አዩኝ፤ ከፀጉሬ ውሃ ይንጠባጠባል።

«የማርኩት ቤቱን ነው» አሉ፣ በሩን ቀስ ብለው እየገፉ። «አንተን ገና አልማርኩህም።»